ቨርጂኒያ ውስጥ በተከራያችሁት ቤት ትኋን፣ በረሮ ወይ አይጥ ከገባ ማን ነው የሚከፍለው? ካያችሁበት ቀን ጀምሮ ምን ታደርጋላችሁ?

ይሄ ጽሑፍ በተለይ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ አካባቢ አፓርታማ ወይ ቤዝመንት ተከራይታችሁ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። የምጠቅሰው ሕግ የቨርጂኒያ ስለሆነ ሜሪላንድና ዲሲ ያላችሁ ቀኖቹንና የገንዘቡን ልክ እንዳለ እንዳትወስዱት፣ የናንተ ይለያል። ስለ ማስረጃው፣ ስለ ደብዳቤውና ስለ ቤት ዝግጅቱ የምለው ግን የትም ብትኖሩ ይጠቅማችኋል።

ከራሴ ልጀምር። አዲስ መጥቼ በተከራየሁት አፓርታማ ትኋን ገባብኝና ሁለት ወር ሙሉ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አፈርኩ በቃ። ትኋን የቆሻሻ ቤት ምልክት ነው ሲባል ነው ያደግነው፣ ማኔጅመንቱ ቢሰማ ያስወጣኛል፣ ጓደኞቼ ቢሰሙ ቤቴ ድርሽ አይሉም ብዬ ፍሊት እየገዛሁ ማታ ማታ ስረጭ ከረምኩ፣ ርጭቱ ደሞ ከአልጋው አባረረውና ግድግዳ ውስጥ ገባ፣ ከግድግዳው ጎረቤት ጋ ወጣ። ጎረቤቴ ስታመለክት ቤት ለቤት ሲፈተሽ የኔ ቤት ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኘና ዘግይተህ ነው ያሳወቅከው ተብሎ የተጨማሪው ርጭት ሂሳብ እኔ ላይ ወደቀ፣ የሳምንት ደሞዜ በዛ ሄደ። በጣም ተናድጄ ነበር፣ በኋላ ሕጉን አስነብቤ ሳየው ግን እውነትም እንደዛ ይላል። ለዛ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው፣ ያያችሁት ቀን በጽሑፍ ካሳወቃችሁ ሌላው ሁሉ ይቀላል። ትኋን ደሞ ንጹሕ ቤት ቆሻሻ ቤት አይልም፣ የሚፈልገው የተኛ ሰው ነው፣ በሻንጣ፣ በአሮጌ ሶፋ፣ በጃኬት ይገባል።

ኃላፊነቱ የማን ነው?

የቨርጂኒያ የአከራይና ተከራይ ሕግ ሁለቱንም ወገን ይይዛል። አከራዩ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ መስጠትና እንደዛው አድርጎ ማቆየት አለበት፣ የሕንፃና የቤቶች ደንቦችን ማክበር አለበት፣ ኮሪደሩን፣ ላውንድሪውን፣ ቆሻሻ መጣያውን የመሰለውን የጋራ ቦታ በንጽሕና መያዝም የሱ ነው። ተከራዩ በበኩሉ የሚኖርበትን ክፍል ከነፍሳትና ከተባይ መጠበቅ አለበት፣ ካየም ሳይዘገይ ለአከራዩ መናገር አለበት።

ገንዘቡ ወደ ተከራዩ የሚዞረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ያለ በቂ ምክንያት ዘግይታችሁ ካሳወቃችሁ ነው፣ በመዘግየታችሁ ምክንያት የጨመረውን ወጪ ትጠየቃላችሁ። ሌላው ደሞ በናንተ ጥፋት፣ መከላከል ሲገባችሁ ሳትከላከሉ ቀርታችሁ ተባዩ ከገባ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልተረጋገጠባችሁ ማስረጨቱና መክፈሉ የአከራዩ ሥራ ነው።

ይሄ በተግባር ምን ይመስላል? ከሲንኩ ሥር ባለው የቧንቧ ቀዳዳ ከጎረቤት በረሮ ቢመጣ የአከራዩ ነው። በሩ ሥር በተከፈተ ክፍተት አይጥ ቢገባ የአከራዩ ነው፣ ትንሿ አይጥ እኮ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች። ምስጥ እንጨቱን ቢበላ እሱማ የባለቤቱ ንብረት ነው። ቆሻሻ ሳምንት ሙሉ ኪችን ውስጥ አስቀምጣችሁ በረሮ ቢፈላ ወይ ደሞ መንገድ ዳር የተጣለ ፍራሽ አንስታችሁ ትኋን ይዛችሁ ብትገቡ ግን ክርክሩ ይከብዳችኋል። እባካችሁ የተጣለ ፍራሽና ሶፋ አታንሱ፣ አዲስ መጥታችሁ ቤቱ ባዶ ሆኖ እንደሚያስጨንቅ አውቀዋለሁ፣ ቢሆንም ከቤተክርስቲያንም ከእድርም ጠይቃችሁ ከምታውቁት ሰው ቤት ውሰዱ።

ከመግባታችሁ በፊት

ቤት ልታዩ ስትሄዱ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ሲንኩ ሥር፣ ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከምድጃው ጎን፣ የቁም ሳጥን ማዕዘን ውስጥ ተመልከቱ። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ፣ የአይጥ ኩስ፣ አዲስ የተበተነ መድኃኒት ካያችሁ ጠይቁ። ኮሪደር ላይ ያገኛችሁትን ተከራይም ሰላም ብላችሁ በረሮ አለ ወይ ብትሉት አይከፋውም። ሊዙ (የኪራይ ውሉ) ላይ ፔስት ኮንትሮል (የተባይ ቁጥጥር) የሚለውን ክፍል ሳታነቡ አትፈርሙ፣ ካልገባችሁ ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩ።

ከገባችሁ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ የቤቱን ሁኔታ የሚዘረዝር የመግቢያ ሪፖርት አለ፣ ብዙ ጊዜ አከራዩ ነው የሚያዘጋጀው። ያልተስማማችሁበት ነገር ካለ ከደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወማችሁ ትክክል ነው ብላችሁ እንደተቀበላችሁ ይቆጠራል። ሰዎቻችን ይሄን ወረቀት ዝም ብለው ፈርመው ነው የሚመልሱት። የሞተ በረሮም ቢሆን ካያችሁ እዛ ላይ ጻፉት፣ ከናንተ በፊት እንደነበረ ዋናው ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ያያችሁ ቀን፦ ምን እንደሆነ ለዩ

ትኋን መጠኑም ቅርጹም የተልባ ፍሬ ይመስላል፣ ጠፍጣፋ ቡናማ ነው፣ ደም ሲጠጣ ይቀላል ያብጣል። እሱን ባታገኙት እንኳ የፍራሹን ስፌት ዞር ዞር እያላችሁ ብታዩ እንደ እስክሪብቶ ነጥብ ያለ ጥቁር ነገር፣ የለቀቀው ቅርፊትና ነጫጭ እንቁላል ታያላችሁ። የንክሻው ምልክት ብቻ አያስተማምንም፣ አንዱ ሰው ያብጥበታል፣ አጠገቡ የተኛው ምንም አይታይበትም። በረሮን ለማወቅ ሌሊት ተነስታችሁ የኪችኑን መብራት ድንገት አብሩት። ቀን ላይ በረሮ ከታየ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ በዝቷል ማለት ነው። የአይጥ ኩስ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ጥቁር ነው፣ ከምድጃው ጀርባና ከሲንኩ ሥር ፈልጉ።

ያገኛችሁትን በግልጽ ፕላስተር ለጥፋችሁ ወረቀት ላይ አስቀምጡ፣ ፎቶ አንሱ፣ ቪዲዮም ቅረጹ። ጤፍና በርበሬ ውስጥ የሚወጣው ነቀዝና ትንሽ የእሳት እራት ግን ሌላ ነው፣ እሱ ከእህሉ ጋር ነው የሚመጣው፣ እህሉን አስወግዳችሁ መደርደሪያውን ብታጸዱ ያልቃል፣ ለሱ አከራይ መጥራት አያስፈልግም።

በዛው ቀን ጻፉ

ስልክ ደውያለሁ፣ ሊዚንግ ኦፊስ (የአከራዩ ቢሮ) ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ የሚለው ነገር በኋላ አይረዳችሁም፣ ማን ያስታውሳል? የኦንላይን ፖርታል ካላችሁ ሜንተናንስ ሪኩዌስት (የጥገና ጥያቄ) አስገቡና ስክሪንሾት ያዙ፣ በተጨማሪ ኢሜይል ላኩ። ነገሩ ከባድ ከሆነ ወይ አከራዩ የማይመልስ ሰው ከሆነ ደብዳቤ አትማችሁ ፖስታ ቤት ወስዳችሁ የተላከበትን ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበሉ፣ ዋጋው ትንሽ ነው።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ከሆነ ልጆቻችሁ ወይ ጓደኛ ይጻፉላችሁ፣ ይዘቱ ግን ይሄ ይሁን፦

«የምኖረው በዚህ አድራሻ፣ ቁጥር ይሄ አፓርታማ ነው። ዛሬ በዚህ ቀን መኝታ ቤት ፍራሹ ላይ ትኋን አይቻለሁ፣ ፎቶው ተያይዟል። ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም። ፈቃድ ያለው የተባይ ባለሙያ እንዲፈትሽና እንዲያክም እጠይቃለሁ። ጎረቤት ክፍሎችም እንዲፈተሹ እጠይቃለሁ። ቤት የምገኝበት ሰዓት ይሄ ነው። መድኃኒት ከመረጨቱ 48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁኝ። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ልጅ አለ።»

ከዚህ ሌላ ይቅርታም ሰበብም አትጨምሩ። «ምናልባት ከኢትዮጵያ በመጣው ሻንጣ ይሆናል» ብላችሁ የገመታችሁትን አትጻፉ፣ ከየት እንደመጣ እኮ አታውቁም፣ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። ባለሙያው ሲጠይቃችሁ ግን ያላችሁን መረጃ በእውነት ንገሩት፣ ሥራው እንዲሠራ።

እስኪመጡ ድረስ የማታደርጉት

ሳሎን ሶፋ ላይ ሄዳችሁ አትተኙ፣ ትኋኑ ይከተላችኋል፣ ያኔ ሁለት ክፍል ይሆናል። ፍራሹን እየጎተታችሁ በኮሪደር አታውጡ። ሱቅ የሚሸጠውን ጭስ የሚተፋውን ፎገር አትጠቀሙ፣ ትኋን የተደበቀበት ስንጥቅ ውስጥ አይደርስም፣ ጭሱ ደሞ እሳት ይይዛል፣ በዛ ምክንያት የተቃጠለ ቤት አለ። ሀገር ቤት እንደምናደርገው አልጋ ላይ ጋዝ ወይ አልኮል ማፍሰስ በፍጹም አይሆንም፣ ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ የተባይ ዱቄትም እንደዛው፣ ሕፃናት ምንጣፉ ላይ ነው የሚድኹት።

በረሮ ከሆነ ደሞ ፍሊት እየረጫችሁ አትጠብቁ። ባለሙያዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ጄል ነው፣ በረሮው በልቶት ጎሬው ሄዶ ይሞታል፣ ሌሎቹም ከሱ ይመረዛሉ። ፍሊት የተረጨበት ቦታ ላይ ግን ጄሉን አይነካውም፣ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ግን ኪራይ መክፈል አታቁሙ። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው ምክንያቱም «ካላጸዱልኝ አልከፍልም» ብለው ትክክል ሆነው ሳለ ፍርድ ቤት የቀረቡ ሰዎች አይቻለሁ። ኪራይ ያቆመ ተከራይ ክሱ የተባይ መሆኑ ይቀርና ያልከፈለ ተከራይ ይባላል። ኪራዩን ለአከራዩ ሳትሰጡ የምታስይዙበት ሕጋዊ መንገድ አለ፣ ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ለርጭቱ ቤቱን ማዘጋጀት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸነፋል። አከራዩ ቤታችሁ ውስጥ መድኃኒት ከማስረጨቱ በፊት ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ እናንተ በአጭር ጊዜ ይሁን ካላላችሁ በቀር። ርጭቱን ራሳችሁ ከጠየቃችሁ ግን ሕጉ 48 ሰዓቱን አያስገድደውም፣ ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ለይታችሁ ጠይቁት። እናንተ ደሞ በጽሑፍ የሰጧችሁን የዝግጅት መመሪያ መፈጸም አለባችሁ። ባለሙያው መጥቶ ቤቱ ካልተዘጋጀ ሳይረጭ ይመለሳል፣ የተመለሰበት ሂሳብም ወደናንተ ሊመጣ ይችላል። ድርብ ሺፍት የምትሠሩ ከሆነ እና በ48 ሰዓት የማትደርሱ ከሆነ ወዲያው ጻፉና ሌላ ቀን ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ በር እንዳትዘጉ።

ለትኋን ዋናው መሣሪያችሁ ድራየሩ ነው። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ጋቢና ነጠላ ሳይቀር ሙቀቱን የመጨረሻ አድርጋችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አዙሩት፣ ውኃው አይደለም የሚገድለው ሙቀቱ ነው። ጥልፍ ያለው የሀበሻ ቀሚስ ድራየር ካልቻለ ለብቻው በላስቲክ አሽጉትና ለባለሙያው አሳዩት። ወደ ላውንድሪ ስትወርዱ በታሰረ ላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ፣ የወጣውን ደሞ በአዲስ ላስቲክ አድርጉ፣ በድሮው ከመለሳችሁት ልፋታችሁ ሁሉ ገደል ገባ። ለፍራሹ ዚፕ ያለው ሙሉ መሸፈኛ ግዙ፣ ውስጥ የቀረው እዛው ይሞታል። አልጋውን ከግድግዳ ለዩት።

ለበረሮ ኪችኑን ባዶ አድርጉ። የኛ ቤት ብዙ ዱቄት አለው፣ ጤፉን፣ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ቡናውን ክዳኑ የሚገጥም ባልዲ ወይ ማሰሮ ውስጥ ክተቱ፣ ወረቀት ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ ጤፍ ለበረሮም ለአይጥም ድግስ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሥር ገልብጣችሁ እዩ፣ ሙቀትና ፍርፋሪ ስላለ በረሮ ይወደዋል። ረከቦቱን፣ ስኳር የቀረበት ስኒ ሌሊቱን አታሳድሩ። የአብሲት ባልዲ ይሸፈን።

ለአይጥ ቀዳዳ መድፈን ካልተጨመረበት ወጥመድ ብቻ ምንም አይፈይድም። ባለሙያው ሲመጣ በብረት ሱፍና በማሸጊያ የደፈነውን ቦታ አሳዩኝ በሉት፣ ካልደፈነ ለማኔጅመንቱ በዛው ቀን ጻፉ።

ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አስም ያለበት ሰው፣ ወፍ ወይ ዓሣ ካለ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የመድኃኒቱን ስምና ስንት ሰዓት ቆይታችሁ እንደምትመለሱ ጠይቃችሁ ጻፉት። የበረሮ ኩስና ቅርፊት አስም ስለሚቀሰቅስ የልጅ ጉዳይ ካለ ከሐኪሙ የተጻፈ ወረቀት ደብዳቤውን በጣም ያጠነክረዋል።

አንድ ርጭት ለትኋን አይበቃም። እንቁላሉ ከሳምንት በኋላ ይፈለፈላል፣ ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ መቼ ነው ብላችሁ ከመጀመሪያው ጠይቁ። ከርጭቱ በኋላ እንደገና ካያችሁ እንደ አዲስ ጻፉ፣ ቀኑን አድርጋችሁ፣ «እንደነገርኳችሁ አሁንም አለ» ብላችሁ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ካሉስ?

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ፣ ቆጠራው የሚጀምረው የጽሑፍ ማሳወቂያው ከደረሳቸው ቀን ነው። ለጤና ወይ ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር ሲሆን፣ ሕጉ የአይጥ ወረራን በስሙ ጠቅሶታል፣ አከራዩ በ14 ቀን ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ ተከራዩ ራሱ ፈቃድ ያለው የተባይ ድርጅት ቀጥሮ ወጪውን ከኪራይ መቀነስ ይችላል። ልኩ 1,500 ዶላር ወይ የአንድ ወር ኪራይ ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠው። ዝርዝር ሂሳብና ደረሰኝ ለአከራዩ መስጠት ግዴታ ነው። ጓደኛችሁ መጥቶ ቢረጭ አይቆጠርም፣ ችግሩን ያመጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ ወይ አከራዩን አላስገባም ካላችሁም አይሠራም። እኔ ብትጠይቁኝ ይሄን ከማድረጋችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፣ የሊጋል ሰርቪስስ ኦፍ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎችን በነጻ ያግዛል።

ሁለተኛው መንገድ ከተማውን ወይ ካውንቲውን መጥራት ነው። አሌክሳንድሪያ ከሆናችሁ 311 ትደውላላችሁ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ከሆናችሁ የኮድ ኮምፕላያንስ (የቤቶች ደንብ መከበሩን የሚቆጣጠር) መሥሪያ ቤት አለ። ስትደውሉ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶ የጻፈው ወረቀት ከመቶ ፎቶ ይበልጣል።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው፣ ጀነራል ዲስትሪክት ኮርት። የተከራይ አቤቱታ የሚባል ፎርም ሞልታችሁ ታቀርባላችሁ፣ ኪራዩን ደሞ ለአከራዩ ሳይሆን ለፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ታስገባላችሁ፣ መክፈያው ቀን ከደረሰ በ5 ቀን ውስጥ። ኤስክሮ የሚሉት እሱን ነው። አስቀድማችሁ በጽሑፍ አሳውቃችሁ አከራዩ በቂ ጊዜ አግኝቶ መሆን አለበት፣ ከ30 ቀን በላይ ከቆየ ያለአግባብ ዘግይቷል ተብሎ ይገመታል፣ ነገሩ አጣዳፊ ከሆነ ከዛም ሊያንስ ይችላል። ዳኛው ጥገና እንዲደረግ ማዘዝ፣ ኪራይ መቀነስ፣ ገንዘቡን ለናንተ መመለስ ይችላል። ውዝፍ ኪራይ ካለባችሁ ይሄ መንገድ አይከፈትላችሁም፣ ለዛ ነው መክፈል አታቁሙ ያልኩት። አስተርጓሚ ደሞ ፎርሙን በምታስገቡበት ቀን ጠይቁ፣ በቀጠሮው ጠዋት አይሆንም።

አቤት ስላላችሁ ብቻ ኪራይ መጨመር ወይ ማስወጣት በሕግ የተከለከለ በቀል ነው። ከአቤቱታው በኋላ የመጣ ማንኛውም ማስጠንቀቂያ ከነፖስታው ይቀመጥ።

ከሀበሻ ቤዝመንት የተከራያችሁ

ይሄ ለብቻው መነገር አለበት። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንገባው ወገን ቤት ነው፣ በቃል ነው፣ ሊዝ የለም፣ ባለቤቱ እንደ አባት ወይ እንደ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ቡና አብረን እንጠጣለን፣ ታዲያ እንዴት ብዬ ትኋን አለ እላለሁ? በይሉኝታ ስድስት ወር የተነከሱ ሰዎች አውቃለሁ። የራሱ ኪችንና መታጠቢያ ያለው ቤዝመንት ከሆነ የጽሑፍ ውል ባይኖርም ሕጉ ራሱ የ12 ወር ውል እንዳለ ይቆጥረዋል፣ ስለዚህ ወረቀት ስለሌለኝ መብት የለኝም አትበሉ። ከባለቤቱ ጋር አንድ ኪችን እየተጋራችሁ በአንድ ክፍል ከሆነ የምትኖሩት ግን ያለው መብት ሊለይ ስለሚችል ሊጋል ሰርቪስስ ጠይቁ።

አክብሮቱን ሳትለቁ በቴክስት ጻፉ። «ጋሼ እንደምን ዋሉ፣ ዛሬ ጠዋት መኝታ ቤቴ ትኋን አይቻለሁ፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ወደ ላይ ወደ ልጆቹ ክፍል ሳይወጣ ባለሙያ ቢጠሩልን ብዬ ነው፣ እኔ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤት ነኝ፣ የሚያስፈልገውን ሁሉ አዘጋጃለሁ።» ይሄ ጠብ የለበትም፣ ቀኑ ግን ስልኩ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። ጋሼ በአካል ቢመልሱላችሁም ማታ ላይ «እንዳሉኝ ቅዳሜ ባለሙያው ይመጣል፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ መልሳችሁ ጻፉላቸው።

ሂሳቡ ወደናንተ ከመጣ

ወዲያው አትክፈሉ፣ ዝምም አትበሉ። የባለሙያውን ሪፖርት ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፣ የትኞቹ ክፍሎች ውስጥ እንደተገኘ፣ መቼ እንደተረጨ፣ ከናንተ በፊት እዛ ክፍል ውስጥ ርጭት ነበረ ወይ የሚለውን። ጎረቤት ክፍሎች ውስጥም ከተገኘ የናንተ ጥፋት ነው ማለት ይከብዳቸዋል። የመጀመሪያ ኢሜይላችሁን ቀን አያይዛችሁ «ባየሁበት ቀን አሳውቄያለሁ፣ ዘግይተሃል የተባልኩት በምንድነው?» በሉ። ስትለቁም ከዲፖዚታችሁ (ስትገቡ ካስያዛችሁት ገንዘብ) ከቆረጡ ቤቱን በለቀቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ የተቆረጠውን በዝርዝር ጽፈው ከቀሪው ጋር መላክ አለባቸው፣ አዲሱን አድራሻችሁን በጽሑፍ ስጧቸው። ፎቶውን፣ ስክሪንሾቱን፣ የፖስታ ቤቱን ወረቀትና የባለሙያውን ሪፖርት በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ ስልክ ይጠፋል፣ ዲፖዚቱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ አንዱንም አታጥፉ።